ሰው አለ ብዬ

በእኛ ሰፈር የጸሐይነሽን ውሻ ስም የማያውቅ ካለ ትናንት የገባ እንግዳ ብቻ ነው። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ደጇ ላይ ትቆምና አንገቷን ወደ ቄስ አሥራተ ማርያም ግቢ መለስ አድርጋ፣ «ሰው አለ ብዬ! ና! ሰው አለ ብዬ!» ትላለች። ውሻው በግራዋ በኩል ተጋድሞ ሊሆን ይችላል፤ እሷ የምትጣራው በቀኝ ነው። እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና ሳልል ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ነገሩ ለአገሩ ሰው ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ ለውሻ ስም የሚወጣለት ለራሱ ብቻ ተብሎ አይደለም፣ ለጎረቤትም ነው። ፊት ለፊት ለመናገር ይሉኝታ የያዘህን ነገር ውሻህ ላይ ትለጥፈውና ጠዋት ማታ ትጠራዋለህ። የሚመለከተው ሰው ይሰማል፣ ይበሽቃል፤ አንተን ግን ተናገርክ የሚልህ የለም፣ ውሻህን ነው የጠራኸው። የመሬት ሙግት የተረታ አጎት ነበረኝ፤ ውሻውን «አየሁት ዳኛ» ብሎት አረፈው። ዳኛው በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር ይባላል።

ጸሐይነሽ የአበርገሌ ሴት ናት። በዚያ ክፉ ጊዜ አገር ሲታመስ ቤቷን ጥላ በእግሯ ወጣች። ባሏ ቀድሞ ሞቷል፣ ምስራቅ የምትባል ልጇ ዓረብ አገር ናት፣ ፍየሎቿ መንገድ ላይ ቀሩ። ተከትሏት የመጣው ይኼ ቡናማ ውሻ ብቻ ነው፤ ያኔ ስሙ መከታ ነበር። ሰቆጣ የደረሰችው በፍልሰታ ጾም፣ ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ ነው። መጀመሪያ ያገኘችው ዙሪያውን በድንጋይ የታጠረውን የቄስ አሥራተ ማርያምን ግቢ ነበር። ቄስ ቤት ስደተኛ አይመልስም ብላ አንኳኳች፣ «ቤቶች» እያለች ተጣራች። ከቤቱ ጭስ ይወጣል። ውስጥ ሰው ሲስል ሰማች። የከፈተላት ግን አልነበረም። ቆማ ቆማ ሲያቅታት መንገዱን ተሻግራ እኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ውሻዋን አቅፋ አደረች።

ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ አገኘኋት። ከቀሚሷ ጫፍ ውሃ ይንጠፈጠፋል። አንጀቴን በላችው። ሻይና ዳቦ አስመጥቼላት ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ለውሻው ስትሰጠው፣ ስሙን ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና የድንጋዩን አጥር እያየች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው አለ ብዬ ነው ስሙ» አለችኝ። እኔም ጠቡ የማን እንደሆነ ሳላጣራ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ነገር ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

እንግዲህ ጸሐይነሽ እንዲህ ያለች ናት። ያቺን ጠዋት እንደዚያ አይቻት ለማኝ ትሆናለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ሳትውል ሳታድር ከገበያ ማር እየተረከበች መሸጥ ጀመረች፣ ቆይታ ቅቤ ጨመረች። ከቄሱ ግቢ አጥር ለአጥር የምትዋሰነዋ ወይዘሮ ባንቺ አንዲት ክፍል አከራየቻት። ማሯ ውስጥ ስኳር አይገባም። ስኳር ገብቶበታል የሚል ገዢ ከመጣ በአማርኛ ትጀምርና ንዴቱ ሲብስባት ወደ አገሯ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ትዞራለች፤ ኽምጣኛ የማይሰማው እንኳ ምን እንደተባለ ይገባዋል። ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ውስጥ ስትላላክ የምትውለው እሷ ናት። ቂም ላይ ግን ልቧ ደንጊያ ነው። በበዓል ቀን የካህናቱን ሁሉ መስቀል ተሳልማ ቄስ አሥራተ ማርያም ዘንድ ስትደርስ ነጠላዋን እንደማስተካከል ብላ ታልፋለች። እሳቸውም አንገታቸውን ደፋ አድርገው ያልፋሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቆሎ ተማሪዎቻቸው ጋር ብቻ የሚኖሩ፣ ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው።

አምና፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ በወዲያኛው ሰፈር አንድ እብድ ውሻ ሰው ነከሰና ከተማው ተረበሸ። መኪና ላይ ድምጽ ማጉያ ተሰቅሎ ይለፈፍ ጀመር። ውሻ ያለው ያስከትብ፤ የተከተበ ውሻ ቀይ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ይደረግለታል፤ ቀን ቀን ይታሰር፤ ሰው ቢነክስ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ይወገዳል። ጉድ ፈላ። የሰፈራችን ውሻ እኮ ሲጮህልን የሁላችንም ነበር፣ ተጠያቂ ይፈለጋል ሲባል የማንም ሆነ። ያኛው የእነ እንትና ነው፣ ይኼኛው ከገጠር ተከትሎ የመጣ ነው፣ እኔ አጥንት ወርውሬለት እንደሆን እንጂ አላውቀውም ተባለ። አጥንቱን ሲወረውሩ እኔ ሳያቸው የኖርኩት ሰዎች ናቸው ይኼን ያሉት። ተናደድኩ።

ጸሐይነሽ ግን መጀመሪያ ከተሰለፉት አንዷ ናት። የእንስሳት ሐኪሙ ካሤ ጠረጴዛውን ዋርካው ሥር አስቀምጦ ይመዘግባል። እኔም ጨዋታ አያምልጠኝ ብዬ ሄጃለሁ።

«የውሻው ስም?» አላት።

«ሰው አለ ብዬ።»

«ሰው አለ ብለሽ ምን?»

«ሰው አለ ብዬ ነው እኮ የምልህ።»

«እሺ፣ ሰው አለ ብለሽ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ በረንዳ ላይ አደርኩ» አለችው።

ሰልፉ በሳቅ ተንከተከተ። ካሤ የዚሁ አገር፣ የፃግብጂ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ዘግይቶም ቢሆን ገባው፤ እየሳቀ ጻፈው፣ ውሻውን ከተበው፣ ቀዩን ማሰሪያ አንገቱ ላይ አሰረለት። ከዚያ ቆጣ ብሎ መከረን። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ፤ ነጭ ሽንኩርትና አመድ አትቀቡ አለን። መከተብ ብቻውንም አይበቃም፣ እሰሩ፣ ክፉ ነገር የሚመጣው በመንገድ ላይ ነው አለ።

እዚች ላይ ነው ጸሐይነሽ የሳተችው። ቆላ ውሻ አይታሰርም። እነሱ አገር የሚታሰር ውሻ ያበደ ወይም የሌባ ውሻ ነው፤ ጤነኛ ውሻ ማሰር ስሙን ማጥፋት ነው። እሰሪው ብላት፣ አገሩን ለቆ ተከትሎኝ የመጣ ፍጡር ምን አጠፋና ነው እንደ ወንበዴ የማስረው ብላ አፈጠጠችብኝ። የባንቺ አጥር ደግሞ አጥር አይባልም፣ ሦስት ቁልቋልና አንድ የተቀደደ ቆርቆሮ ነው። ገመድ ገዝቼ ወሰድኩላት። ማር የሚጫንበትን ጀሪካን አሰረችበት።

የፈራሁት አልቀረም። አንድ ጠዋት ከቄስ አሥራተ ማርያም ተማሪዎች አንዱ፣ ጺሙ ገና ብቅ ብቅ የሚለው ትእዛዙ፣ ለቁራሽ ወጥቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የባንቺ ደጅ ደረሰ። ውሻና የቆሎ ተማሪ እንደማይዋደዱ የታወቀ ነው፤ ለምድ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያንጠለጠለ ሰው ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። ተማሪ ያለ ዱላ የማይወጣውም ለዚህ ነው። ትእዛዙ የዚያን ቀን ዱላውን ረስቷል። ሰው አለ ብዬ ከቆርቆሮው ሥር ወጥቶ ባቱን ያዘው።

እየሮጥኩ ደረስኩ። ጸሐይነሽ ቀድማኝ ልጁን ከቧንቧው ሥር አስቀምጣዋለች። በሳሙና እያሸች ውሃውን ለቀቀችበት። እሱ ይበቃል ይላል፣ እሷ አይበቃም ትላለች። እግሩን እንደያዘች እንባዋ ይወርዳል፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ በኽምጣኛ ትናገራለች። ጓደኞቹ አመድ ይዘው ቢመጡ አባረረቻቸው። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ወሰድነው፤ መርፌውን ተወጋ፣ የቀሩትንም እየተመላለሰ እንዲወጋ ቀጠሩት። እስከዚህ ድረስ ማንም ጸሐይነሽን ሊወቅስ አይችልም፤ ከጅምሩ ባለማሰሯ እንጂ።

ከሰዓት ካሤ ከቀበሌው ሰዎች ጋር መጣ። አልጮኸባትም፣ ቢጮህባት ይሻል ነበር። ውሻው ተከትቧልና የሚበጀው ማሰንበት ነው አለ። በሚዘጋ ግቢ ውስጥ ታስሮ፣ ከሰው ሳይገናኝ፣ የምንወስነው ቀን እስኪያልፍ ይታያል። ጤነኛ ሆኖ ከሰነበተ ለልጁም እፎይታ ነው፣ ውሻውም ይፈታል። የሚዘጋ ግቢ እስከ ነገ ካልተገኘለት ግን ይወገዳል። ባንቺ የልጅ ልጅ አላት፣ ፈርታለች፤ ዛሬውኑ ከግቢዬ ይውጣልኝ አለች። አልፈርድባትም። እኔ ያለኝ ሱቅና በረንዳ ነው። ከላይ እስከ ታች ሰፈሩን ብናስብ፣ ዙሪያው ታጥሮ በር የሚዘጋለት ባዶ ቦታ ያለው ግቢ አንድ ብቻ ነው።

ሁለታችንም አውቀነዋል። ስሙን አፍ አውጥታ አልጠራችውም።

«እዚያ በር አልቆምም» አለችኝ። «አንዴ ቆሜበታለሁ።»

ውሻው ሊሞት ነው አልኳት። ይሙት፣ እኔም አብሬው እሞታለሁ አለች። በቃ፣ ደሜ ፈላ። ምላሴን ያዝ አላደረግኩም። ልጁን ያስነከሰው አለማሰርሽ ነው፣ አሁን ደግሞ ውሻውን የሚገድለው ኩራትሽ ነው፤ ባለቤት ነኝ ብለሽ በሕዝብ ፊት አስመዝግበሻል፣ ባለቤትነት እንጀራ መቁረስ ብቻ መሰለሽ ወይ አልኳት። ከዚህም የባሰ ብያለሁ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች፣ ውሻውን በዚያው በኔ ገመድ አሰረችና ወጣች። ተከተልኳት።

በሩን አንኳኳች። ሁለተኛ ሳታንኳኳ ተከፈተ። የከፈቱት ራሳቸው ቄስ አሥራተ ማርያም ናቸው። ጸሐይነሽ መሬት መሬት እያየች፣ «አባ፣ ውሻዬ ተማሪዎን ነክሶብዎታል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አላሰርኩትም። የማሰነብትበት ግቢ ካላገኘሁ ሊገድሉት ነው» አለች።

ቄስ ቤት ውሻ ማስገባት ቀላል አይደለም። ተማሪዎቹ ቅዳሴ የሚሄዱበት ልብስ ታጥቦ ግቢው ውስጥ ይሰጣል፣ ንጽሕና አለ፣ የሚያማ ምእመን አለ። የነከሰው ደግሞ የራሳቸውን ልጅ ነው። እምቢ ቢሉ ማንም ቅር አይለውም፤ እኔም በልቤ እምቢታቸውን እየጠበቅኩ ነበር።

«ስሙን ሰምቼዋለሁ» አሉ ቄሱ። «በየማታው። ለኔ እንደወጣ አውቃለሁ።»

ጸሐይነሽ ቀና አለች።

«ያን ቀን አርምሞ ላይ ነበርኩ» አሉ። «ፍልሰታን ከሰው ላልነጋገር፣ በር ላልከፍት ለአምላኬ ቃል ገብቻለሁ። ተማሪዎቼ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አድረዋል። ስትጣሪ ሰማሁሽ። ቃሌን አፍርሼ ልነሣ፣ ልተው እያልኩ ከራሴ ጋር ስታገል ድምጽሽ ራቀ። ስወጣ በጨለማው ውስጥ አላየሁሽም። እናት በዝናብ ውስጥ እያለች የሚጠበቅ ቃል ምን ዓይነት ቃል ነው እያልኩ እስካሁን አለሁ።»

«ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?» አለች።

«ምን ብዬ? ስጸልይ ነበር ብዬ? አፌ ላይ ሳመጣው ለራሴም አስጠላኝ። ስሙን እየሰማሁ መኖር ይሻለኛል አልኩ።»

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አርምሞ የያዘ ሰው ለማንም አይናገርም፣ ማን ያውቃል። እኔ እንኳን፣ የሰፈሩ ጆሮ ነኝ የምለው፣ አላወቅኩም። ጸሐይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ቄሱ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱትና ሁኔታቸውን ዘረዘሩ። ከተማሪዎቹ ጎጆ ርቆ በግቢው ጥግ ይታሰር፤ ምግቡንና ውሃውን ጠዋት ማታ እሷው ታምጣ፤ ቦታውን እሷው ታጽዳ፤ ከርሷ በቀር ማንም አይጠጋው። ካሤም መጥቶ አይቶ ተስማማ።

እንዲህ ሆኖ ጸሐይነሽ የምትሸሸው ግቢ ጠዋት ማታ የምትገባበት ቤቷ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታ ብቻ ነበር። ቆይቶ ቄሱ ስለ ልጇ ስለ ምስራቅ ይጠይቋታል፣ እሷ ስለ ሚስታቸው ትጠይቃቸዋለች። የታሰረው ውሻም አላበደ፣ አላፈረ፤ ጥላ ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል። ይኼን ስታይ ተገረመች። በዚያው ሰሞን ከኔ ጋር ሆነን የባንቺን አጥር በእንጨትና በሽቦ አጠርነው፤ ባንቺም ለምዳ ሚስማር አቀባይ ሆነች። ስሙን ልትቀይረው ፈልጋ ነበር። ቄሱ ተዪው፣ ለምዶታል፣ እኔም ለምጄዋለሁ ብለው ከለከሏት።

ቀኑ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ውሻው መብላት አቆመ።

ጸሐይነሽ ጠዋት የወሰደችለትን ማታ እንዳለ አገኘችው። በማግሥቱም እንደዚያው። ካሤ ከነገረን ምልክቶች አንዱ ይኼ ነው፤ ያመመው ውሻ ምግብ ይጠላል። ፊቷ አመድ መሰለ። ለውሻው ብቻ አይደለም፤ ትእዛዙ አለ፣ የሰው ልጅ አለ። መርፌውን ጀምሯል ብላትም ጆሮዋ አልሰማም። ካሤን ጠርቼ ስንመለስ ከግቢው ጥግ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው አጠገቧ ቆመዋል። ተማሪዎቹም ተሰብስበዋል።

ካሤ ራቅ ብሎ ውሻውን አየው። ውሃ አስቀረበለት፤ ውሻው እየላሰ ጠጣ። አረማመዱን አየ፣ ዓይኑን አየ። ሆዱን ሲያይ ግን ቆመ። ይኼ ውሻ ወፍሯል እኮ አለ።

ከተማሪዎቹ መሀል ትእዛዙ እያነከሰ ወጣ። የኔታው ፊት እጁን አጣምሮ ቆመና መሬት እያየ ተናገረ። የለመነውን ቁራሽ በየቀኑ በረጅም ዱላ እየገፋ ሲሰጠው ሰንብቷል። አልተጠጋሁም፣ ዱላው ነው የተጠጋው አለ። ቄሱ ለምን ብለው ጠየቁት። «የኔታ፣ እሷ ስታለቅስ አየሁ» አለ ልጁ። «እንዳይሞትባት ብዬ ነው።»

ካሤ ሊቆጣው አፉን ከፈተና ሳቁ አመለጠው። እኔ ሳቄን ስጀምረው መቆም አቃተኝ፣ እንባዬ ወረደ። የነከሰውን ውሻ ያደለበ ተማሪ ከዚህ በፊት ያየ ካለ ይንገረኝ። ጸሐይነሽ ተነሥታ ልጁን አቅፋ ሁለት ጉንጩን ሳመችው።

ካሤ ግን ሕጉ ሕግ ነው ብሎ የቀረውን ቀን አስጨረሰን። ቀኑ ሲሞላ መጣ፣ ዳግም አየው፣ ጤነኛ ነው አለ። ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን በአጥርሽ ውስጥ ይታሰራል፣ በየዓመቱ ይከተባል አላት። እሺ አለች፣ በሙሉ ልብ። ያቺ ሴትዮ አሁን ውሻውን ያላሰረ ጎረቤት ካየች ቤቱ ድረስ ሄዳ የምትቆጣ ሆናለች፤ የኔ ገመድ ስንቱ ቤት እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው።

«በሉ፣ ይፈታ» አለ ካሤ።

ጸሐይነሽ ግንዱ ላይ የታሰረውን ገመድ ልትፈታ አጎነበሰች። ውሻው ስቦ ስቦ ቋጠሮው ጠብቋል፣ አልፈታ አላት። ቀና ብላ ቄሱን አየቻቸው።

«አባ፣ ይፍቱልኝ።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በጥርስም በጥፍርም ታግለው ፈቱት። የገመዱን ጫፍ ሲያቀብሏት ግን አልተቀበለችም። እንደጎነበሰች ቀረች። አገር ከለቀቀች ወዲህ የእሳቸውን መስቀል ተሳልማ አታውቅም።

«እኔንም» አለች።

ቄስ አሥራተ ማርያም መስቀላቸውን አወጡ። ግንባሯን፣ ከዚያ አፏን አሳለሟት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። መስቀሉን ወደ ኪሳቸው ሳይመልሱ፣ «አንቺስ፣ ልጄ?» አሏት።

«ፈትቼዎታለሁ አባ» አለች ጸሐይነሽ፣ ገመዱንም ተቀበለቻቸው።